የጃፓን ጥንታዊ ጎራዴና አደራው

የጦር መሣሪያ የተባለ ሁሉ፣ የተሠራለት ጦርነት አልፎ ከእርሱ የሚበረታ ሌላ መሣሪያ በመጣ ጊዜ፣ ወይ ተመልሶ ከእሳት ገብቶ ማረሻና ምስማር ይሆናል፣ ወይም በዕቃ ቤት ጥግ ተጥሎ ዝገት ይበላዋል። ከዚህ የዓለም ልማድ ተለይቶ፣ ከተሠራ ሰባትና ስምንት መቶ ዓመት አልፎት ገጹ ዛሬም እያበራ፣ የሠሪው ስምና አገር ከነዘመኑ እየተጠራ፣ ሊቃውንት ጎንበስ ብለው እጅ እየነሱት የሚኖር መሣሪያ ቢኖር የጃፓን ጎራዴ ነው። የጃፓን መንግሥት በሕግ «የአገር ሀብት» ብሎ ከመደባቸው ቅርሶች መካከል ከመቶ የሚበልጡት ጎራዴዎች መሆናቸውን የሰማ ሰው፣ ይህ ሁሉ ክብር ለአንድ መግደያ ብረት ስለ ምን ተሰጠ ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ምክንያቱ ሳሙራይ የተባሉት ተዋጊዎች ጀግንነት ብቻ አይደለም፤ በየትውልዱ ብረቱን መርምሮ የሚያውቅ ዓይንና ከጥፋት የሚጠብቅ እጅ ስላልታጣ ነውና፣ የጎራዴን ነገር ሊረዳ የሚሻ ሰው ከተዋጊው ይልቅ ወደ ቀጥቃጩ፣ ወደ ወልዋዩና ወደ መርማሪው ፊቱን ማቅናት ይገባዋል።

የጎራዴው ልደት ከአሸዋ ይጀምራል። በምዕራብ ጃፓን፣ በቀድሞ ስሙ ኢዙሞ፣ በዛሬው ሺማኔ በተባለው አገር፣ ከተራራና ከወንዝ እየታጠበ የሚሰበሰበውን ጥቁር የብረት አሸዋ፣ ታታራ በሚባለው የጭቃ ምድጃ ውስጥ ከእንጨት ከሰል ጋር እያፈራረቁ እየጨመሩ፣ ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት ወናፉ ሳያርፍ ያነዱታል፤ በመጨረሻም ምድጃውን አፍርሰው ታላቁን የብረት ጓል ያወጡና፣ ከውስጡ ታማሃጋኔ የሚሉትን ምርጥ አረብ ብረት ይለያሉ። ቀጥቃጩም ይህን ብረት እያጋለ፣ በመስፍ ላይ እየቀጠቀጠ፣ ከመካከሉ እየቆረጠ እያጠፈ፣ አሥር ጊዜና ከዚያም በላይ ይደራርበዋል፤ አሥር ጊዜ የታጠፈ ብረት ከ1,000 የሚበልጥ ንብር ስለሚኖረው፣ ጉድፉ ይወጣለታል፣ በውስጡ ያለው ካርቦን በሁሉ ቦታ ይዳረሳል፣ በገጹም ላይ የእንጨት ስንጥር የሚመስል ረቂቅ መልክ ይሣልበታል። ብዙ ጊዜም የሚቆርጠው እንዳይዶለዱም፣ የሚሸከመውም እንዳይሰበር፣ ጠንካራው ብረት ከውጭ፣ ለስላሳው ከውስጥ ሆኖ እንዲጣመሩ ይደረጋል።

ከሁሉ የሚረቀው ግን የመጨረሻው ሥራ ነው። ቀጥቃጩ በስለቱ በኩል አሳስቶ፣ በጀርባው በኩል አወፍሮ ሸክላ ይቀባዋል፤ ከዚያም የብረቱን ግለት በቀለሙ ለመለየት እንዲመቸው ቤቱን አጨልሞ ያግለውና ከውኃ ይነክረዋል። ሸክላው የሳሳበት ስለት በቅጽበት ቀዝቅዞ እጅግ ሲጠነክር፣ ወፍራም ሸክላ የለበሰው ጀርባ ቀስ ብሎ ስለሚቀዘቅዝ ልዝብነቱን ይጠብቃል፤ የጠነከረውም ወገን ከልዝቡ ይልቅ ስለሚለጠጥ ጎራዴው በዓለም ወደ ታወቀበት ጉብጠት ያዘነብላል። ሁለቱ ጠባዮች በሚገናኙበት ወሰን ላይ ሃሞን የተባለው ነጣ ያለ መስመር ይወለዳል። በዚያች ቅጽበት ተሰንጥቆ የሚቀር ጎራዴ ጥቂት አይደለምና፣ የብዙ ቀን ድካም የሚጸድቀውም የሚኰነነውም በዚያው ውኃ ውስጥ ነው።

እንግዲህ አዋቂው ጎራዴን ሲመለከት በሥርዓት ሦስት ነገር ይመረምራል፤ አስቀድሞ ቅርጹን፣ ቀጥሎ የብረቱን ስንጥር፣ በመጨረሻም ሃሞኑን። ቅርጹ ዘመኑን ይናገራል፤ በ12ኛውና በ13ኛው መቶ ዓመት መኳንንቱ የሚዋጉት በፈረስ ላይ ስለነበር፣ ታቺ የሚባለው ጎራዴ ረጅም፣ ከእጀታው አጠገብ አጥብቆ የጎበጠ፣ ስለቱ ወደ ምድር ሆኖ ከወገብ የሚንጠለጠል ነበር፤ በ14ኛው መቶ ዓመት መጠኑ እጅግ ከገዘፈ በኋላ፣ ውጊያው ወደ እግረኛ በዞረ ጊዜ፣ ስለቱን ወደ ሰማይ አድርገው ከመታጠቂያቸው የሚሽጡት አጠር ያለው ካታና ቦታውን ወሰደ። ስንጥሩና ሃሞኑ ደግሞ ሠሪው ከየትኛው ትምህርት እንደ ወጣ ይመሰክራሉ፤ ሊቃውንቱ ጥንታውያኑን ቀጥቃጮች በአምስት አገር ትውፊት፣ ማለት በያማቶ፣ በያማሺሮ፣ በቢዜን፣ በሶሹና በሚኖ ይከፍሏቸዋልና። የናራን ገዳማት ያገለግሉ የነበሩት የያማቶ ሰዎች ቀጥ ያለ ስንጥር ይወዳሉ፤ ቤተ መንግሥቱ በነበረበት በኪዮቶ የተቀመጡት የያማሺሮ ጠቢባን በጭምትነትና በንጽሕና ይታወቃሉ፤ ቢዜን የቅርንፉድ እንቡጥ በመሰለ ተርታ ሃሞኑን ያስጌጣል፤ የታላቁ ቀጥቃጭ የማሳሙኔ ወገን የሆነው ሶሹ ደግሞ በዓይን የሚለዩ የሚያብረቀርቁ ጥቃቅን ቅንጣቶችን በብረቱ ላይ ይዘራል። ይህ ጥበብ ምን ያህል ይከበር እንደነበር ለማስረዳት፣ በ13ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ዙፋኑን የተወው ንጉሠ ነገሥት ጎ ቶባ ታላላቅ ቀጥቃጮችን በተራ እያስጠራ ያሠራ እንደነበረና በራሱም እጅ እንደ ሞከረው የቆየው ትውፊት ይበቃል።

የብራና መጻሕፍት አዋቂ ቁም ጽሕፈቱን አይቶ የጸሐፊውን ዘመንና ደብር እንደሚገምት፣ የጎራዴ መርማሪም ስም ሳያይ ሠሪውን ይናገራል። ጃፓናውያን ይህን የዓይን ተግባር እንደ ፈተና አድርገው ያዘወትሩታል፤ የተጻፈበት ክፍል ተሸፍኖ ጎራዴው በየተራ ይቀርባል፣ እያንዳንዱም ሰው የገመተውን ስም በወረቀት ጽፎ ያስገባል፣ ቀጥሎም መምህሩ የስሕተቱንና የትክክሉን ምክንያት ያስረዳል።

የሚሸፈነውም ክፍል፣ ከእጀታው ውስጥ የሚሰወረው ናካጎ የሚባለው የጎራዴው ሥር ነው። ቀጥቃጩ ስሙን፣ አንዳንድ ጊዜም አገሩንና ዘመኑን የሚቀርጸው በዚህ ላይ ነው። ናካጎ ከቶ አይወለወልም፤ የጠቆረው ዝገቱ የዕድሜው ማኅተም ስለሆነ፣ ጽዳት መስሎት በአሸዋ ወረቀት የሚፍቀው ሰው የብረቱን ዋና ምስክር በገዛ እጁ ያጠፋል። ስም መኖሩም ብቻውን እምነት አይሆንም። የታላላቆቹ ስም በሐሰት የተቀረጸባቸው ጎራዴዎች ስፍር ቁጥር የላቸውም፤ በአንጻሩ ከሁሉ የሚከበረው ማሳሙኔ ስሙን የጻፈው አልፎ አልፎ ብቻ ሲሆን፣ ብዙ ረጃጅም ታቺዎችም በኋላ ዘመን ከሥራቸው ሲያጥሩ ስማቸው አብሮ ተቆርጧል። ስለዚህ ሆናሚ የተባለው ቤተ ሰብ ለገዢዎቹ ጎራዴ እየወለወለና እየመረመረ፣ ፍርዱን በታጠፈ ወረቀት ጽፎ ይሰጥ ነበር፤ ሾጉን በሚባለው የጦር ገዢ በዮሺሙኔ ትእዛዝም ዝነኞቹ ጎራዴዎች የሰፈሩበት መዝገብ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1719 በዚሁ ቤተ ሰብ ተዘጋጀ። ዛሬ ይህን ፍርድ፣ በ1948 የተቋቋመው የጃፓን ጥበባዊ ጎራዴ መጠበቂያ ማኅበር በአራት ማዕርግ እየለየ ይሰጣል።

ይህ ጥበቃ ያለ ፈተና አልኖረም። በ1588 የአገሩ ገዢ ቶዮቶሚ ሂዴዮሺ የገበሬውን ጎራዴ አስለቅሞ፣ ብረቱ በኪዮቶ ለሚሠራው ታላቅ የቡድሃ መቅደስ ምስማርና ማያያዣ እንደሚሆን አወጀ፤ በ1876 የሜይጂ መንግሥት በአደባባይ ጎራዴ መታጠቅን በከለከለ ጊዜ ብዙዎቹ ቀጥቃጮች እንጀራቸውን አጥተው ቢላዋና የእርሻ መሣሪያ ወደ መሥራት ዞሩ። ከሁሉ የከፋው ግን በ1945 መጣ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ያሸነፈው ሠራዊት የጃፓንን መሣሪያ ሁሉ ሲሰበስብ፣ በፋብሪካ በተመታው የወታደር ጎራዴና በ700 ዓመቱ ቅርስ መካከል የሚለይ አልነበረምና፣ አያሌው ጠፋ፣ አያሌውም በወታደር ሻንጣ ውቅያኖስ ተሻገረ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ከቀድሞዎቹ ሾጉኖች ከቶኩጋዋ ቤት ለፖሊስ ጣቢያ የተሰጠው ሆንጆ ማሳሙኔ የተባለው የማሳሙኔ ጎራዴ እስከ ዛሬ የደረሰበት አልታወቀም። የቀሩት የዳኑት፣ የጎራዴ ሊቁ ሆማ ጁንጂና ባልንጀሮቹ ለሠራዊቱ ሹማምንት የጎራዴውን ጥበብነት አስረድተው፣ ጥበብ ያለበት ከሌለበት ተመርምሮ እንዲለይ ስላስፈቀዱ ነው። በቶኪዮ በአካባኔ ተከማችተው ባለቤታቸው ያልታወቀ ብዙ ጎራዴዎችም ከብዙ ዓመት በኋላ ለየቤተ መዘክሩ ተከፋፈሉ።

በዚህ ሁሉ ያለፈን ብረት የሚይዝ ሰው ሥርዓት አለው። አስቀድሞ እጅ ይነሣል፤ ስለቱን ወደ ላይ አድርጎ ከአፎቱ ቀስ ብሎ ይመዛል፤ ምራቅ እንዳይፈናጠርበት በላዩ አይነጋገርም፤ የጣት ላብ በጥቂት ቀን ዝገት ስለሚያበቅል ገጹን አይነካም። ሲያስቀምጠውም አሮጌውን ቅባት በለስላሳ ወረቀት ጠርጎ፣ በደቃቅ የድንጋይ ዱቄት አጥርቶ፣ አዲስ ዘይት በስሱ ይቀባዋል። የደበዘዘውን ግን ለሠለጠነው ወልዋይ መስጠት እንጂ በራስ መፋቅ አይገባም፤ ወልዋዩ ከሻካራው ጀምሮ እጅግ እስከሚልመው ድረስ በተለያየ ድንጋይ ሳምንታት የሚደክምበት ሥራ ነው፤ ውለላው በተደገመ ቁጥርም ከብረቱ ጥቂት ይቀነሳልና፣ ያለ ማስተዋል የተወለወለ ጎራዴ የውስጡ ለስላሳ ብረት ወጥቶ ይደክማል።

ሊሰበስብ የተመኘ ሰው ከገንዘቡ በፊት ዓይኑን ያዘጋጅ። በቶኪዮ ያሉትን ቤተ መዘክሮች፣ በቢዜን ምድር በኦሳፉኔ ያለውን፣ ወይም በአሜሪካ የቦስተንንና የኒው ዮርክን ስብስብ ደጋግሞ ያየ ሰው፣ መልካሙን ስለሚያውቅ መናኛው አያታልለውም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በብዛት የተሠሩት ተራ ቁጥር የተመታባቸው ጎራዴዎች ለታሪክ መታሰቢያነት ቢጠቅሙም፣ በእጅ ከተቀጠቀጠው ጋር በአንድ ዋጋ መሸጥ የለባቸውም፤ ነገር ግን አንዳንድ መኰንን የአባቶቹን ጥንታዊ ስለት በወታደር አፎት ስላስገባው፣ የውጭ ልብሱን ብቻ አይቶ መናቅም ስሕተት ነው። የስለቱን ጥርስ ተሻግሮ ወደ ሃሞኑ የሚወጣ ስንጥቅ ካለ፣ ስሙ የፈለገውን ያህል ቢከበር ጎራዴው እንደ ሞተ ይቈጠራል። በጃፓንም እያንዳንዱ ጥበባዊ ጎራዴ የምዝገባ ወረቀት ሊኖረው ግድ ነው፤ ከአገር ሲወጣም የባህል ጉዳይ መሥሪያ ቤት ፈቃድ ያስፈልገዋል።

ሰብሳቢነት ከጌትነት ይልቅ ወደ ባለአደራነት ማድላቱን ሁለት ነገሮች ያስረዳሉ። ኡኤሱጊ ኬንሺን የተባለው የጦር አለቃ ይዞት የነበረውን፣ በቢዜን የተሠራውን ሳንቾሞ የተባለ ጎራዴ ወደ ትውልድ ምድሩ ለመመለስ፣ የሴቶኡቺ ከተማ ከየአገሩ ሰው መዋጮ ለምና በ2020 በ500 ሚሊዮን የን ገዛችው። ከዚያ አስቀድሞ ዋልተር ኮምፕተን የተባለው በኢንዲያና የሚኖር ሐኪምና የመድኃኒት ኩባንያ አለቃ፣ የገዛው ኩኒሙኔ የተባለው ቀጥቃጭ ሥራ በካጎሺማ ካለው ከተሩኩኒ ቤተ መቅደስ ከጦርነቱ በኋላ የጠፋው የአገር ሀብት መሆኑን በተረዳ ጊዜ፣ ዋጋ ሳይጠይቅ በ1963 ለባለቤቱ መለሰው። ሰውየው ይህን ሊያደርግ የቻለው ደግ ስለ ሆነ ብቻ ሳይሆን፣ በእጁ ያለው ምን እንደ ሆነ ለማወቅ የበቃ ትምህርት ስለ ነበረው ነው። ስለዚህ አንድ ጎራዴ ለመግዛት የሚያስብ ሰው ከወረቀቱና ከታሪኩ ጋር ይረከበው፤ እርሱም በተራው ለተተኪው ሲያስረክብ፣ ናካጎው ሳይነካ፣ ስለቱ ሳይዝግ፣ የሰማውንና የመረመረውንም ጽፎ ጨምሮበት ያስረክብ።