ለትራንስጀንደር ሰዎች የሚስማማ የአእምሮ ጤና ባለሙያ እንዴት ይገኛል?

ትራንስጀንደር የሚባለው፣ ሲወለድ የተመዘገበለት ጾታ ራሱን ከሚያውቅበት ጾታ ጋር የማይገጥም ሰው ነው። ይህ በራሱ የአእምሮ ሕመም አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2019 በጸደቀው የበሽታዎች ምደባ ከአእምሮ ሕመሞች ምዕራፍ አውጥቶታል። ነገር ግን መገለል፣ ተደብቆ መኖርና ከቤተሰብ መጋጨት ለጭንቀት፣ ለድብርትና ራስን ለማጥፋት ሐሳብ ሊዳርጉ ይችላሉ። ለእነዚህ ሕክምና አለ። ከዚህ በታች ያለው መረጃ በአሜሪካ ለሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎች ነው።

ምን ዓይነት ባለሙያ ይፈልጉ?

ጥሩ ባለሙያ ማንነትዎን ለመለወጥ አይሞክርም፤ ለውሳኔም አያጣድፍዎትም። የአሜሪካ የሳይኮሎጂ ማኅበር የጾታ ማንነትን ለመለወጥ የሚደረግ ሙከራን እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው አቋም ተቃውሟል።

ቀጠሮ ከመያዝዎ በፊት ደውለው ይጠይቁ፦

• ከትራንስጀንደር ሰዎች ጋር ሠርተው ያውቃሉ?
• የመጣሁት ለድብርት ከሆነ፣ የሚያክሙት ድብርቱን ነው?
• በመዝገቤ ላይ ምን ይጻፋል? ማን ሊያየው ይችላል? (ከ18 ዓመት በታች ላሉ ሕጉ እንደየስቴቱ ይለያያል።)

አስተርጓሚ ካስፈለገዎት

የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎችና ክሊኒኮች አስተርጓሚ በነጻ ማቅረብ አለባቸው። ዘመድ ወይም ጓደኛ እንዲያስተረጉምልዎ አይገደዱም። የሚያውቅዎ ሰው እንዳይገጥምዎ ከሰጉ፣ ከሌላ ከተማ በስልክ የሚሠራ አስተርጓሚ እንዲፈልጉልዎና ስምዎ እንዳይነገረው ይጠይቁ። “አንተ” ወይስ “አንቺ” መባል እንደሚፈልጉም አስቀድመው ያሳውቁ።

ቤተሰብ ምን ማድረግ ይችላል?

ሁሉንም በአንድ ቀን መረዳት አይጠበቅብዎትም። ልጅዎን ከቤት አያስወጡ፤ አያዋርዱ፤ ሳይፈቅድልዎ ለዘመድ አይንገሩ። ቤተሰባቸው የተቀበላቸው ወጣቶች ለድብርትና ራስን ለማጥፋት ሙከራ የሚጋለጡት ባነሰ መጠን እንደሆነ ጥናቶች ያሳያሉ። ጸሎትና ጠበል ለሚያምን ሰው ብርታት ይሆናሉ፤ ሆኖም ሐኪም ያዘዘውን የድብርት መድኃኒት በእነርሱ ምክንያት አያስቁሙ።

አስቸኳይ እርዳታ

ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣብዎ በማንኛውም ሰዓት በ988 ይደውሉ፤ አገልግሎቱ ነጻ ነው፤ አስተርጓሚም መጠየቅ ይችላሉ። ሕይወት አደጋ ላይ ከሆነ ወዲያውኑ በ911 ይደውሉ።