ዩ ስትሪት ማደር

ዋሽንግተን ዲሲ ለሚሄድ ኢትዮጵያዊ እንግዳ ዩ ስትሪት አካባቢ ማደር ያጓጓል። የጡብ ቤቶቹ ግድግዳ ለግድግዳ ተያይዘው ቆመዋል፤ መስኮቶቻቸው ወደ ጎዳናው ወጣ ያሉ ናቸው። ምድር ባቡሩ እዚያው ነው፤ 9ኛው ጎዳና ላይ ክትፎ በአማርኛ ይታዘዛል። ክፍል ከመያዝ በፊት ግን ቤቱ የማን እንደነበረ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ሰፈሩ የጥቁር አሜሪካውያን ነው። በዘር መድልዎ ዘመን መሃል ከተማው ሲዘጋባቸው ሱቃቸውን፣ ባንካቸውን፣ መዝናኛቸውን እዚህ ተከሉ። ሃዋርድ ቲያትር በ1910 እ.ኤ.አ. ተከፈተ፤ ዱክ ኤሊንግተን ያደገው በዚሁ አካባቢ ነው። በ1968 ማርቲን ሉተር ኪንግ ሲገደሉ የተነሳው ሁከት ጎዳናውን አወደመው። ቀጥሎ ለምድር ባቡሩ ሲባል መንገዱ ለዓመታት ተቆፈረ፤ ደንበኛ የራቃቸው ብዙ ሱቆች ተዘጉ። ጣቢያው በ1991 ሥራ ከጀመረ በኋላ የቤቱም የኪራዩም ዋጋ ሽቅብ ወጣ። ያን ሁሉ ችለው የቆዩት ቤተሰቦች ሰፈሩ ሲያምር መልቀቃቸው፣ ለእኔ ከሁሉ የከፋው በደል ይህ ነው።

የእኛም ሰዎች በዚህ ታሪክ ውስጥ አሉበት። አዳምስ ሞርጋን በሚባለው የከተማዋ ሰፈር ኪራይ ሲወደድባቸው ብዙ ነጋዴዎች ወደዚህ መጥተው ባዶ ሱቆችን ከፈቱ። በ2005 የ9ኛው ጎዳና አንድ ክፍል «ትንሿ ኢትዮጵያ» ይባልልን ሲሉ ግን ከጥቁር አሜሪካውያን ነዋሪዎች ተቃውሞ ገጠማቸው። ተቃውሞው ይገባኛል፤ ቤቱን እያጣ ላለ ሰው የሰፈሩን ስም ጨምሮ መስጠት ይከብዳል። ዛሬ ደግሞ ውል ሲያልቅ አዲሱን ኪራይ ያልቻለው የእኛው ባለ ሬስቶራንት ከከተማዋ ውጭ ወዳሉት ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ይሄዳል።

አዲስ መጤው የሚያመጣው ለውጥ በኪራይ ብቻ አይገለጽም። እዚያው አጠገብ ባለው ሾው ሰፈር ከአንድ የስልክ መሸጫ ደጅ ለዓመታት ሲሰማ የኖረ ጎጎ የተባለው የከተማዋ ጥቁሮች ሙዚቃ በ2019 በነዋሪ አቤቱታ ጸጥ አለ። ሕዝቡ ጎዳና ወጥቶ ከተቃወመ በኋላ ነው ዳግም የተሰማው። እዚያ የሚያድር ሰው ድምፁን ችሎ ሊያድር ይገባል።

እኔ እደሩ ባይ ነኝ፤ ግን ባለቤቱ በሚኖርበት ቤት። በከተማዋ ሕግ ለአጭር ጊዜ ማከራየት የተፈቀደው በባለቤቱ ዋና መኖሪያ ቤት ነው፤ ባለቤቱ በሌለበት ከሆነ በዓመት ከ90 ሌሊት አይበልጥም። ስለዚህ የፈቃድ ቁጥሩን ጠይቁ፤ ባለቤቱ እዚያ ይኖር እንደሆነም አጣሩ። ካልሆነላችሁ ሲልቨር ስፕሪንግ እደሩና በቀዩ መስመር ፎርት ቶተን መጥታችሁ ወደ አረንጓዴው ቀይሩ። እራት ግን 9ኛው ጎዳና ይሁን፤ ያንን ኪራይ እስካሁን የሚከፍሉ ወገኖች እዚያ አሉ።