ከበሮ መቺው ሠዓሊ፤ ስለ ቻርሊ ዋትስ የሙያ ሕይወት የቀረበ አጭር ጥናት

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም» የሚለውን ምሳሌያዊ አነጋገር ከሕፃንነታችን ጀምሮ ስንሰማው ኖረናል። ወላጅ ልጁን፣ መምህርም ተማሪውን ከአንዱ ትምህርት ወደ ሌላው ሲዘል ባየው ጊዜ የሚገሥጸው በዚሁ ነው። ምክሩ በብዙው እውነት ነው፤ ሙያ ሙሉ ልብ ይፈልጋልና። ይሁን እንጂ አንድ ሰው በወጣትነቱ የተማረውን ሙያ ትቶ በሌላ ሙያ ቢታወቅ፣ የመጀመሪያው ትምህርቱ ወዴት ይሄዳል? ከንቱ ሆኖ ይቀራልን? ወይስ በሁለተኛው ሥራ ውስጥ ሌላ መልክ ይዞ ይኖራል? ይህ ጽሑፍ ጥያቄውን የሚመረምረው በአንድ የታወቀ ሰው ሕይወት ነው። ሰውየውም ዘ ሮሊንግ ስቶንስ በሚባለው የእንግሊዝ የሮክ ሙዚቃ ጓድ ውስጥ ከ1963 ጀምሮ እስከ ሞተበት እስከ 2021 ድረስ ከበሮ መቺ የነበረው፣ በትምህርቱ ግን የማስታወቂያ ሠዓሊ የሆነው ቻርሊ ዋትስ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነቱና ትምህርቱ

ዋትስ የተወለደው ጁን 2 ቀን 1941 በሎንዶን ከተማ ነው። አባቱ ለምድር ባቡር ኩባንያ የጭነት መኪና ነጂ ነበር። ዘመኑ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ስለ ነበረ ከተማዋ በአውሮፕላን ቦምብ ተደብድባ ብዙ ቤቶች ፈርሰዋል፤ የዋትስ ቤተሰብም እንደ ሌሎች ብዙ ቤተሰቦች መንግሥት ባሠራው ተገጣጣሚ ቤት ውስጥ ኖሯል። በጎረቤት ዴቭ ግሪን የሚባል ልጅ ነበር፤ ሁለቱ አብረው የአሜሪካን የጃዝ ሸክላዎች እያዳመጡ አደጉ። ግሪንም በኋላ በእንግሊዝ አገር የታወቀ የጃዝ ቤዝ ተጫዋች ሆኗል።

ዋትስ ወደ ከበሮ የገባበት መንገድ ራሱ የእጅ ሥራ ነው። መጀመሪያ የያዘው ባንጆ ነበር። ባንጆ ገላው እንደ ከበሮ ክብ ሆኖ ቆዳ የተወጠረበት፣ ረጅም አንገት ያለው ባለ ክር መሣሪያ ነው። ልጁ የጣቶቹ አያያዝ አልሆንልህ ስላለው አንገቱን ነቅሎ ጣለና ክቡን ገላ በማስቀመጫ ላይ አኑሮ በሽቦ ብሩሽ ይመታው ጀመር። በ14 ዓመቱ ገደማ ወላጆቹ እውነተኛ ከበሮ ገዙለት፤ እሱም በቤት ውስጥ ከሸክላ የሚሰማውን ጃዝ እየተከተለ ራሱን አስተማረ።

በተማሪ ቤት የሚመሰገነው ግን በሥዕል ነበር። ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በኋላ የገባው ሃሮው በሚባለው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሲሆን፣ እስከ 1960 ድረስ በዚያ ተምሯል። እዚህ ላይ ስለ እንግሊዝ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቶች ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ከ1944ቱ የትምህርት ሕግ በኋላ በእንግሊዝ አገር ልጆች በ11 ዓመታቸው ገደማ ተፈትነው ይለዩ ነበር፤ ያለፉት ወደ ዩኒቨርሲቲ በሚያደርሰው ተማሪ ቤት፣ ያላለፉት ደግሞ ለሥራ በሚያዘጋጀው ተማሪ ቤት ይመደባሉ። በዚህ ሁለተኛ መንገድ ለሄደ፣ ነገር ግን የፈጠራ ዝንባሌ ላለው ወጣት፣ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ከተከፈቱት ጥቂት በሮች አንዱ ነበር። ጆን ሌነን በሊቨርፑል፣ ኪት ሪቻርድስ በሲድከፕ፣ ፒት ታውንሴንድ በኢሊንግ፣ ሬይ ዴቪስ በሆርንዚ የተማሩት በእንደዚህ ያሉ ትምህርት ቤቶች ነው። እንግዲህ የእንግሊዝ ሮክ ሙዚቃ ከሥዕል ክፍል ጋር መዛመዱ በዋትስ ብቻ የታየ ድንገተኛ ነገር አልነበረም።

ከጠረጴዛ ወደ ከበሮ

ዋትስ ትምህርቱን እንደ ጨረሰ በሎንዶን በአንድ የማስታወቂያ ድርጅት ተቀጠረ። ሥራው ፊደል መቀመር፣ የማስታወቂያ ወረቀት መንደፍ፣ ቦታን ለጽሑፍና ለሥዕል ማካፈል ነበር። ማታ ማታ ደግሞ በየቡና ቤቱና በየክበቡ ከበሮ ይመታል። በ1961 አሌክሲስ ኮርነር የሚባለው የብሉዝ ሙዚቀኛ ብሉዝ ኢንኮርፖሬትድ ወደ ተባለው ጓዱ ጠራው፤ ዋትስ ግን ለዲዛይን ሥራ ወደ ዴንማርክ ይሄድ ስለ ነበረ ግብዣውን የተቀበለው በ1962 መጀመሪያ ወደ ሎንዶን ሲመለስ ነው። በዚሁ ዓመት ብራያን ጆንስን፣ ሚክ ጃገርንና ኪት ሪቻርድስን አወቀ። እነሱ ሊወስዱት ቢፈልጉም ገንዘብ አልነበራቸውም፤ እሱ ደግሞ ደመወዝተኛ ነበርና ወዲያው እሺ አላለም። የጓዱ አባል የሆነው በጃኑዋሪ 1963 ነው።

በዚህ ጊዜ የሥዕል ሙያው እንደ መተዳደሪያ አበቃ። እንደ ትምህርት ግን ማብቃት አለማብቃቱን ለማወቅ ሁለት ነገር መመልከት ይገባል፤ አንደኛ የከበሮ አመታቱን፣ ሁለተኛ ከ1963 በኋላ በእርሳስ የሠራውን ሁሉ።

የከበሮ አመታቱ

የሮክ ከበሮ በአንድ ሰው ዙሪያ የተሰበሰቡ ከበሮዎች ስብስብ ነው። መቺው ተቀምጦ በሁለት እጁና በሁለት እግሩ ይሠራል። በቀኝ እግሩ ትልቁን ከበሮ በመርገጫ ይመታል፤ በግራ እግሩ ሃይ ሃት የሚባሉትን፣ አንዱ በሌላው ላይ የተደፉትን ሁለት የናስ ሳህኖች ይከፍታል፣ ይዘጋል። በፊቱ ደግሞ በታችኛው ቆዳ ላይ ሽቦ የተወጠረበትና ስኔር የሚባለው ጠፍጣፋ ከበሮ ይቀመጣል።

በተለመደው የሮክ ምት አራት ቆጠራ አለ። ስኔሩ የሚመታው በ2ኛውና በ4ኛው ቆጠራ ላይ ነው። ቀኝ እጅ ግን በእያንዳንዱ ቆጠራ ሁለት ሁለት ጊዜ፣ በጠቅላላው 8 ጊዜ ሃይ ሃቱን ይመታል። ዋትስ በብዙ ዘፈኖች 8ቱን ሁሉ አይመታም፤ ግራ እጁ በስኔሩ ላይ በሚያርፍበት በ2ኛውና በ4ኛው ቆጠራ ቀኝ እጁን ከሃይ ሃቱ ያነሣል። ስለዚህ 8 የነበረው 6 ይሆናል። ከዚህም የተነሣ ስኔሩ በተመታበት ቅጽበት የናስ ድምፅ አይደርብበትም፤ ብቻውን ጠርቶ ይሰማል፤ ምቱም ጥቂት የሚተነፍስ ይመስላል። ይህን አመታት ሌሎችም ከበሮ መቺዎች ያውቁታል፤ በዋትስ ግን መታወቂያ እስኪሆን ድረስ ጸንቷል።

ሌላውም ነገር ከዚህ ጋር ይስማማል። በ1970ዎቹ ብዙ የሮክ ከበሮ መቺዎች በዙሪያቸው የከበሮ ብዛት ሲደረድሩና ለብቻቸው ረጅም ጨዋታ ሲያሳዩ፣ ዋትስ በጥቂት ከበሮዎች ረካ፤ ለዓመታት የተጠቀመበትም ግሬች የተባለው ኩባንያ በ1957 የሠራው አነስተኛ ስብስብ ነበር። የጓዱ ቤዝ ተጫዋች የነበረው ቢል ዋይመን እንዳስረዳው፣ በሌሎች ጓዶች ሁሉም ከበሮ መቺውን ሲከተሉ፣ በዚህ ጓድ ግን ከበሮ መቺው የኪት ሪቻርድስን ጊታር ይከተላል። ይኸውም ራሱን ማሳየት ሳይሆን የጠቅላላውን መልክ መጠበቅ ማለት ነው።

ማስታወቂያ የሚነድፍ ሰው መጀመሪያ ከሚማራቸው ነገሮች አንዱ ባዶ ቦታ ዋጋ ያለው መሆኑን ነው። ወረቀቱን ሁሉ በሥዕልና በፊደል የሞላ ሰው ምንም አያስነብብም፤ በትልቁ ቃል ዙሪያ ነጩን የተወ ግን ቃሉን ከሩቅ ያሳያል። ዋትስ ቀኝ እጁን ባነሣ ጊዜ በስኔሩ ዙሪያ የተወው ይህንኑ ነጭ ይመስላል። ይህን ስል ንጽጽሩ የእኔ መሆኑ ይታወቅ፤ ቁጥብነቱ ከጃዝ ሊቃውንትም የወረሰው ነውና ምንጩ ሥዕል ብቻ ነው ማለት አይቻልም። ሁለቱ ትምህርቶች በአንድ ሰው ላይ ተገናኝተው አንድ ዓይነት ጠባይ አወጡ ማለት ግን ይቻላል።

በእርሳስ የሠራቸው

ዋትስ ወደ ጓዱ ከመግባቱ በፊት በ1955 ስለ ሞተው ታላቅ የጃዝ ሳክስፎን ተጫዋች ስለ ቻርሊ ፓርከር ትንሽ የሥዕል መጽሐፍ አዘጋጅቶ ነበር። የፓርከር ቅጽል ስም «ወፍ» ስለ ነበረ፣ ዋትስም ጥቁር መነጽር ያደረገ ወፍ አድርጎ ሥሎ ሕይወቱን በቀላል ቃል ተረከ። መጽሐፉ በ1964 ታተመ። በ1991 ዋትስ በራሱ የጃዝ ጓድ ለፓርከር ክብር ሙዚቃ ባሳተመ ጊዜ ይኸው መጽሐፍ ከሙዚቃው ጋር እንደገና ወጣ። በአንድ ዕቃ ውስጥ የእጁ ሥዕልና የእጁ ምት የተገናኙበት ሥራ ይህ ነው።

በ1967 የወጣው ቢትዊን ዘ በተንስ የተባለው የጓዱ ሸክላ በጀርባው የዋትስ የካርቱን ሥዕል ከግጥሙ ጋር ታትሞበታል። የስያሜውም ታሪክ ያስቃል። የጓዱ ሥራ አስኪያጅ አንድሩ ኦልድሃም ሥዕሉን ሲያዘው፣ ዋትስ የሸክላው ስም ማን እንደሚባል ጠየቀው። ሥራ አስኪያጁ ገና አልተቆረጠም ለማለት «በአዝራሮቹ መካከል ነው» ብሎ መለሰ። ዋትስ ግን ስሙን የነገረው መስሎት በሥዕሉ ላይ ያንኑ ጻፈ፤ ስሙም በዚያው ጸና።

ከዚያ በኋላ የዲዛይን ትምህርቱ ወደ ትልልቅ ነገር ተሻገረ። በ1975 ጓዱ በአሜሪካ የሚያደርገውን ጉዞ ለማስታወቅ በኒው ዮርክ ጎዳና በጭነት መኪና ላይ ሆኖ ተጫወተ። ሐሳቡን ያመጣው ዋትስ ነበር፤ የድሮ የጃዝ ጓዶች በእንደዚህ ያለ መኪና እየዞሩ ራሳቸውን ያስተዋውቁ እንደ ነበረ ያውቅ ነበርና። በዚያው ጉዞ እንደ ሎተስ አበባ የተሠራውን መድረክ ሲነድፉ ተካፍሏል። በ1989፣ በ1997፣ በ2002 እና በ2005 ለተጀመሩት ታላላቅ ጉዞዎችም ከጃገር ጋር ሆኖ ከመድረክ ነዳፊዎቹ ጋር ሠርቷል። በስታዲዮም ውስጥ የመጨረሻው ረድፍ ላይ የተቀመጠ ሰው ምን ያያል የሚለው ጥያቄ፣ ከመንገድ ማዶ የሚያልፍ ሰው ከማስታወቂያ ወረቀት ላይ ምን ያነባል ከሚለው ጋር አንድ ነው።

የአልጋዎቹ ሥዕሎች

ከሁሉም በላይ ሊታሰብበት የሚገባው ግን ለሕዝብ ብሎ ያልሠራው ሥራ ነው። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ዋትስ በጉዞ ላይ የተኛበትን አልጋ ሁሉ በደብተር ይሥል ነበር። ጓዱ በየአገሩ በየሆቴሉ ሲያድር፣ ሌሎች ወደ ግብዣ ሲሄዱ፣ እሱ አልጋውን ይሥላል። ዓመታት ሲከማቹ ይህ የሥዕል ማስታወሻ ሆነ።

ይህን ለምን አደረገ? ዋትስ ጉዞን እንደማይወድ በየጊዜው ተናግሯል። በ1964 ያገባት ሺርሊ ሼፐርድ የቅርጻ ቅርጽ ተማሪ ነበረች፤ ትዳራቸውም እስከ ሞቱ ድረስ ጸንቷል፤ በእንግሊዝ ገጠር በዴቨን የዓረብ ፈረሶች ያረቡ ነበር። ቤቱን የሚወድ ሰው ግማሽ ዕድሜውን ባዕድ አልጋ ላይ ማደሩ ቀላል ነገር አይደለም። በ1980ዎቹ አጋማሽ በመጠጥና በአደንዛዥ ዕፅ ተይዞ ነበር፤ በኋላ ግን ተወው። የአልጋዎቹ ሥዕል ከዚህ ፈተና አዳነው ብሎ መደምደም አይቻልም። ነገር ግን ሰው በየማታው ቁጭ ብሎ በፊቱ ያለውን ዕቃ በትዕግሥት ማየትና መሣል ከቻለ፣ የትም ቢያድር አንድ የራሱ የሆነ ነገር አለው። የሥዕል ትምህርት ለዋትስ በመጨረሻ የሰጠው ጥቅም ይህ ይመስለኛል።

ስለ ተቃውሞውና ስለ መደምደሚያው

አንባቢ እንዲህ ብሎ ሊቃወም ይችላል፤ ዋትስ ታዋቂ ከበሮ መቺ ባይሆን ኖሮ ሥዕሎቹን ማን ይመለከታቸው ነበር? ተቃውሞው ተገቢ ነው። በሥዕል ታሪክ ውስጥ ዋትስ ከታላላቆቹ ጋር አይቆጠርም፤ እሱም ይህን አልጠየቀም። የጻፍነውም ሁለት ሙያ በእኩል ደረጃ ይዞ ነበር ለማለት አይደለም። አንዱን ለመተዳደሪያ መረጠ፤ ሌላውን ግን እንደ ዓይን ያዘው። መኪና መንዳት ሳያውቅ የቆዩ መኪናዎችን ገዝቶ ቅርጻቸውን ማየት ይወድ እንደ ነበረ፣ በልብሱም አሰፋፍ ጠንቃቃ እንደ ነበረ የሚያውቁት ሁሉ ይመሰክራሉ። ይህም የዚያው ዓይን ሥራ ነው።

ዋትስ ኦገስት 24 ቀን 2021 በ80 ዓመቱ በሎንዶን ሞተ። ጓዱ በ2023 ባወጣው የዘፈን ስብስብ ውስጥ እሱ አስቀድሞ የመታባቸው ሁለት ዘፈኖች ይገኛሉ።

እንግዲህ በመግቢያው ወደ ጠቀስነው ተረት ስንመለስ፣ ዋትስ የወጣው አንድ ዛፍ ላይ ነው፤ ሌላውን ግን አልቆረጠውም ማለት እንችላለን። በኮሌጃችን ካሉት ተማሪዎች መካከል የሚማሩት ትምህርት ወደፊት እንጀራ የማይሆናቸው ብዙዎች ይኖራሉ። ከዋትስ ሕይወት የሚገኘው ማስረጃ በአንድ ሰው ላይ የቆመ ስለሆነ ብዙ ሊሸከም አይችልም፤ ቢሆንም በደንብ የተማሩት ነገር ሙያው ቢቀየርም እጅንና ዓይንን ትቶ እንደማይሄድ ለማሳየት ይበቃል።