አቀንጭራን የማይቀሰቅስ ማሽላ

በወሎ፣ በከሚሴ ዙሪያ፣ በደዋ ጨፋም ሆነ በአርጡማ ፉርሲ፣ ማሽላ ለሚዘራ ገበሬ አቀንጭራ ምን እንደሆነ የሚነግረው ሰው አያሻውም። ሐምራዊ አበባዋ ያምራል። ከአፈር ብቅ ስትል ግን ጉዳቱ ደርሷል፤ ሥሯን ከማሽላው ሥር አጣብቃ ውሃና ምግቡን መምጠጥ ከጀመረች ቆይታለች። አንዷ አቀንጭራ በአስር ሺዎች የሚቆጠር፣ እንደ ዱቄት የደቀቀ ዘር ትበትናለች። ዘሩ አፈር ውስጥ ከአስር ዓመት በላይ ሳይሞት ሊቆይ ስለሚችል ማረም ብቻውን አይገላግልም።

ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ የሥራ ዘመናቸውን ትልቁን ክፍል የሰጡት ለዚህ አረም ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 ወለንኮሚ የተወለዱት ገቢሳ ለትምህርት 20 ኪሎ ሜትር በእግር የሄዱ ልጅ ነበሩ። ጅማ እርሻ ትምህርት ቤት፣ ዓለማያ ኮሌጅ፣ ከዚያ አሜሪካ፣ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ። በ1978 ዶክትሬታቸውን አገኙ፤ ከዚያም ሱዳን ገቡ፤ ድርቅ የሚቋቋመው ዲቃላቸው «ሐጊን ዱራ 1» በ1983 ለገበሬው ተለቀቀ። በአፍሪካ ለገበያ የበቃ የመጀመሪያው የማሽላ ዲቃላ ነው።

አቀንጭራ ግን ለዲቃላም አልተመለሰችም።

ምሥጢሩ ከመሬት በታች ነው። ፎስፈረስ ያነሰው ማሽላ ከሥሩ ስትሪጎላክቶን የተባለ ኬሚካል ይለቃል፤ የሚጠራው ምግብ የሚያቀብሉትን ፈንገሶች ነው። ጥሪውን አቀንጭራም ትሰማለች፤ የተኛው ዘሯ ይነቃል። ገቢሳ ወደ ፐርዱ ተመልሰው ከባዮኬሚስቱ ላሪ በትለር ጋር አረሙን የማይቀሰቅሱ ማሽላዎችን ለይተው ባህሪውን ከምርታማ ዝርያዎች ጋር አዳቀሉ። በ1994 ስምንት ቶን ዘር ለ12 የአፍሪካ አገሮች ተሰራጨ። ባህሪውን የሚወስነው ዘረመል፣ ኤልጂኤስ1፣ የታወቀው ግን በ2017 ነው፤ ዘረመሉ ሥራውን ሲያቆም ሥሩ የሚለቀው የስትሪጎላክቶን ዓይነት ይለወጥና የአቀንጭራ ዘር እምብዛም አይነቃም።

ኢትዮጵያም ጎቢዬና አብሽር የተባሉትን የማሽላ ዝርያዎች ከዚሁ ሥራ አገኘች። ገቢሳ ዘሩን ብቻውን አልሰጡም፤ ማዳበሪያና እርጥበት የሚይዝ ትልም አብረው እንዲሄዱ አድርገዋል፤ ትክክልም ነበሩ። በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን፣ በ2023 ደግሞ የአሜሪካን ብሔራዊ የሳይንስ ሜዳሊያ ተቀበሉ።

ሆኖም እነዚህ ዝርያዎች ፈጥነው የሚደርሱ አጫጭሮች ናቸው። የወሎ ገበሬ ደግሞ ማሽላን የሚመዝነው በእህሉ ብቻ አይደለም፤ አገዳው የከብት መኖ፣ አጥርና ማገዶ ነው። የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከልም ሆነ የሌላ ማዕከል አዳቃዮች አቀንጭራን ያለመቀስቀሱን ባህሪ አገዳቸው ረጅም ወደሆኑት የአካባቢው ማሽላዎች ቢያስገቡት ለከሚሴ ገበሬ የበለጠ ይጠቅማል።