ታሪክን ሳይሸሽጉ ማስተማር

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይባላል። የአሜሪካንን የርስ በርስ ጦርነት ታሪክ የሚያስተምር መምህር ይህን ምሳሌ ልብ እንዲለው እንወዳለን።

በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1861 እስከ 1865 በተደረገው በዚህ ጦርነት ከ600 ሺህ የሚበልጥ ወታደር አልቋል። በኋላ ግን ብዙዎቹ የደቡብ የትምህርት መጻሕፍት የጠቡ ምክንያት ባርነት ሳይሆን የየግዛቱ መብት ነበር ሲሉ ኖሩ። ዳሩ ግን የሚሲሲፒ ሹማምንት በ1861 ከኅብረቱ ሲለዩ፣ አቋማቸው ከባርነት ጋር የተሳሰረ መሆኑን በገዛ እጃቸው ጽፈዋል።

ከጦርነቱ በኋላ የነበረው የመልሶ ማቋቋም ዘመንም እንዲሁ ተጣሞ ተነገረ። ጥቁሮች ለሥልጣን ያልበቁ ነበሩ ተባለ። በ1870 ከዚያችው ከሚሲሲፒ ሂራም ሬቭልስ የተባሉ ጥቁር ለሴኔት መመረጣቸው፣ በ1890 የወጣው የግዛቲቱ ሕገ መንግሥትም በምርጫ ግብርና በንባብ ፈተና የጥቁሮችን ድምፅ መንጠቁ በዝምታ ታለፈ። ዱ ቦይስ በ1935 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህን የመማሪያ መጻሕፍት ሐሰት ገልጠው አሳይተዋል።

ሐሰቱን የተማረ ልጅ ያን ነጠቃ እንደ ትክክለኛ ፍርድ ይቈጥረዋል። ስለዚህ መምህሩ ያንኑ የ1861 ጽሑፍ አምጥቶ ለተማሪው ያስነብበው። ፍርዱን ተማሪው ራሱ ይስጥ።