ስኳርና ግፊት የከተማ ሰው በሽታ ናቸው? ከሳንቃ በር ግርጌ የሚወራው ሲፈተሽ

«ስኳር የከተማ ሰው በሽታ ነው፤ ገብስ እየበላ ዳገት ለሚወጣና ለሚወርድ ገበሬ ምኑም አይደለም።» ከዳባት እስከ ደባርቅ፣ ከዚያም ወደ ሳንቃ በር በሚያወጣው መንገድ ዳርና ዳር ይህ ሲባል ትሰማላችሁ። አባባሉ ግማሽ እውነት አለው። ሰውን የሚያዘናጋውም ይኸው ግማሹ ነው።

ነገሩ በጨዋታ ብቻ የሚወሰን አይደለም፤ በዚሁ አገር፣ በዚሁ ሰው ላይ ተለክቷል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ የዳባት ወረዳን ሕዝብ ልደት፣ ሞትና ጤና ቤት ለቤት እየተከታተለ የሚመዘግብ የምርምር ማዕከል አለው። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ አንድ ጥናት ዕድሜያቸው 35 እና ከዚያ በላይ የሆኑ የጎንደር ከተማና የዳባት ገጠር ነዋሪዎችን መርምሮ ስኳር በሽታን ከከተማው ሰው 5.1 በመቶው፣ ከገጠሩ 2.1 በመቶው ላይ አገኘ። በከተማ ከእጥፍ በላይ ነው፤ የአባባሉ እውነት ይህች ናት። ነገር ግን ያው ጥናት ሌላ ነገር አሳየ፦ በገጠር በሽታው ከተገኘባቸው ሰዎች ከአሥሩ ስምንቱ ያህል እስከዚያ ቀን ድረስ መታመማቸውን አያውቁም ነበር። ገበሬው «እኔ ዘንድ የለም» የሚለው ስላልተመረመረ ነው።

የደም ግፊቱ ደግሞ የባሰ ነው። በዚያው በጎንደርና በዳባት፣ በዚያው የዕድሜ ክልል ሲለካ ግፊት ያለበት በከተማ 30.7 በመቶ፣ በገጠር 25.3 በመቶ ሆኖ ተገኘ። በገጠሩ ከአራት ጎልማሳ አንዱ ማለት ነው። እንዲህ የተቀራረበን ቁጥር ይዞ «የከተማ በሽታ» ማለት አይቻልም።

«የደጋ አየር ይጠብቃል» የሚሉም አሉ። ስሜን ተራሮች ላይ የሚኖረው ሰው አካል በእርግጥ ልዩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመ ጥናት ተመራማሪዎች በአምባራስ አካባቢ፣ 3,530 ሜትር ከፍታ ላይ ተወልደው ያደጉ ሰዎችን ደም ሲመረምሩ የሄሞግሎቢን መጠናቸውም ሆነ ደማቸው የሚይዘው ኦክስጅን ከባሕር ጠለል ነዋሪ ጋር የሚቀራረብ ሆኖ አገኙት። በሌላው ዓለም ከፍታ ላይ፣ በአንዲስም በቲቤትም፣ እንዲህ ያለ ነገር አልታየም ነበር። ይህ የሚያኮራ ነው። ይሁን እንጂ ስስ አየርን መቋቋም ሌላ፣ ስኳርና ግፊትን መቋቋም ሌላ ነው። ብርዱም ቢሆን የደም ሥርን ስለሚያጠብ ግፊትን ከፍ ያደርጋል እንጂ አያወርድም።

አሁን ብዙ ሰው ወደሚሳሳትበት፣ ሕይወትም ወደሚያስከፍለው ልምጣ፦ «ስኳር የሚይዘው ወፍራሙን ነው፤ ከሲታ ሰው ምን ሊሆን!»

ውፍረት፣ በተለይ ሆድ አካባቢ የሚከማች ስብ፣ አንዱ መንገድ መሆኑ አያጠራጥርም። በእኛ አካባቢ ግን ሌላም መንገድ አለ። የጎንደሯ የውስጥ ደዌ ሐኪም ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው በጎንደር ዙሪያ ገጠሮች የሚመጡ ታካሚዎችን ለዓመታት ሲከታተሉ አንድ ዓይነት ሰው ደጋግሞ አጋጠማቸው፦ ወጣት፣ ደሃ፣ በጣም ከሲታ፣ አብዛኛውን ጊዜ ወንድ፣ ያለ ኢንሱሊን መኖር የማይችል የገጠር ሰው። እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጽሑፍ የልጅነት ረሃብ ከዚህ ዓይነቱ ስኳር ጋር ያለው ዝምድና እንደገና ይታይ ሲሉ ጠየቁ። የዓለም ጤና ድርጅት በምግብ እጥረት የሚመጣውን ስኳር እ.ኤ.አ. በ1985 ለብቻው መድቦት ነበር፤ በ1999 ግን ማስረጃው አልበቃም ብሎ ሰረዘው። ከዚያ በኋላ የዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2025 «ዓይነት 5» ብሎ ዕውቅና ሰጠው። ክርክሩ ገና አልተዘጋም። ለእኛ ግን ትርጉሙ ግልጽ ነው፦ በክፉ ቀን ያደገ ልጅ፣ ጎልምሶ ቀጭን ሆኖ ሳለ፣ በስኳር ሊታመም ይችላል። ረሃብን ደጋግሞ ላየ አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ስለዚህ አንድ ወጣት ቶሎ ቶሎ ውሃ እየጠማው፣ ሌሊት ለሽንት ደጋግሞ እየተነሣ፣ እየበላ ከከሳ፣ «ቡዳ በልቶት ነው»፣ «ሳንባ ይሆናል» እያሉ ሳምንት ማሳለፍ አይገባም። በዚያው ቀን ደሙ ይመርመር። ኢንሱሊን የሚያስፈልገው ሰው ካላገኘ ደሙ በአሲድ ተመርዞ በቀናት ውስጥ ሊሞት ይችላል። «ኢንሱሊን የጀመረ አለቀለት» የሚባለውም ከዚህ የመጣ ይመስለኛል፤ ዘግይተው የጀመሩት ሲሞቱ ጥፋቱ በመርፌው ላይ ተላከከ።

ጸበልን በተመለከተ በአክብሮት የምለው አለ። ጸበል መጠመቅና መጠጣት መድኃኒት ከመውሰድ ጋር አይጋጭም። ጉዳት የሚመጣው መድኃኒቱ ሲቋረጥ ነው። በጾም ወቅትም ኢንሱሊን ወይም የስኳር ክኒን የሚወስድ ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበላ ቢቆይ ስኳሩ በድንገት ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል። ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው ታዝናለች፤ የንስሐ አባትንም ሐኪምንም ማማከር ነው።

«አረቄ ስኳርን ያቃጥላል» ለሚሉ፦ አረቄ በባዶ ሆድ ሲጠጣ ጉበት ስኳር እንዳይለቅ ስለሚያደርግ መድኃኒት ለሚወስድ ሰው አደገኛ ነው።  

ጨው ብዙ አይነገርለትም። እ.ኤ.አ. በ2015 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት መሠረት ኢትዮጵያዊው በቀን በአማካይ 8.3 ግራም ጨው ይወስድ ነበር፤ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ከ5 ግራም በታች ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም። ሽሮው ጨው አለበት፣ ድልሁ ጨው አለበት፣ በገጠሩ ቡናውም በጨው ይጠጣል። ግፊት ያለበት ሰው ከቡናው ቢጀምር ይቀለዋል።

ከላይ በተጠቀሰው የስኳር ጥናት፣ በጎንደር ከተማ በሽታው ከምን ጋር ተያይዞ ተገኘ? ከዕድሜ፣ ከዘር (በቤተሰቡ ስኳር ያለበት ሰው ዕድሉ አምስት እጥፍ ያህል ነበር) እና ቁጭ ብሎ ከመዋል። ዕድሜንና ዘርን መለወጥ አይቻልም። ሦስተኛው ግን አሁን በዓይናችን ፊት እየተለወጠ ነው። በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ የነበረችው የግጭ መንደር ነዋሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ከፓርኩ ወጥተው ደባርቅ ሲሰፍሩ ከተራራ እርሻና ከብት ጥበቃ ወደ ከተማ ዳር ኑሮ ገቡ። ከቀበሌው ሳይነሣ ኑሮው የሚቀየርም ብዙ ነው፤ በእግር ይኬድ የነበረው በባጃጅ፣ ጠላ ይቀርብበት የነበረው ድግስ በለስላሳ ሆኗል። ትናንት ዳገቱ ይጠብቀን ነበር ያለ ሰው፣ ዛሬ ዳገቱን ካልወጣ ምን ይጠብቀዋል?

«ግፊት ካለብኝ ራሴን ያመኛል» ማለትም አያዋጣም። ግፊት ለዓመታት ምንም ሳያሳምም ኩላሊትን፣ ልብንና አንጎልን ሲጎዳ ይኖራል፤ የሚያውቀው መለኪያው ነው። በተለያየ ቀን ተለክቶ 140 በ90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ወይም ሳይበላ ባደረ ሰው ደም ውስጥ ስኳሩ 126 ሚሊግራም በዴሲሊትር እና ከዚያ በላይ ሆኖ በድጋሚ ምርመራ ከተረጋገጠ ሕክምና ያሻል።

እንግዲህ ዕድሜያችሁ 35 ያለፈ፣ ከሲታም ሁኑ ወፍራም፣ ደባርቅ ወይም ዳባት ለገበያ በወጣችሁ ቀን ጤና ጣቢያ ጎራ በሉና ግፊታችሁን ተለኩ፤ ስኳራችሁንም አስመርምሩ። እናት አባታችሁንም ይዛችሁ ሂዱ።