ፈውስ ሆኖ የገባ ደዌ

ደማቸው በተፈጥሮ ለማይረጋ፣ ሄሞፊሊያ ላለባቸው ሕሙማን የተቀመመው መድኃኒት፣ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1970ዎቹ (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የብዙዎችን ዕድሜ ካረዘመ በኋላ፣ መልሶ ሺዎችን ለኤድስ አሳልፎ እንደ ሰጠ የማያውቅ አንባቢ ጥቂት ነው። እኔም ነገሩን እንደ ተዘጋ መዝገብ አድርጌ አየው ነበር። ይህን አሳቤን የለወጠው፣ በለንደን ከተማ ለአንዲት አገራችን እናት ላስተረጉም በሄድሁበት ሆስፒታል፣ ተራ ስንጠብቅ ከጎናችን የተቀመጠ አንድ እንግሊዛዊ ነው። ሰውዬው አንድ እግሩ ከጉልበቱ አልታጠፍ ብሎት ወደ ፊት ተዘርግቷል፤ ከቦርሳው ትንሽ ብልቃጥ አወጣና ዱቄቱን በውኃ በጠበጠ፤ የክንዱን ደም ሥር በአውራ ጣቱ ዳስሶ መርፌውን ራሱ ሰካ። እናታችን ደንግጠው «ልጄ፣ እዚህ ቤት ሐኪም የለም እንዴ?» አሉኝ። ጥያቄያቸውን ብነግረው ሣቀና «ከአሥራ ሁለት ዓመቴ ጀምሮ ሐኪሙ እኔ ነኝ። መድኃኒቱን ለራሴ እሰጥ ነበር፤ በውስጡ ያለውን ግን የሚነግረኝ አልነበረም» አለ።

የዚህ ብልቃጥ ጥንተ ነገር ደስ የሚያሰኝ ነው። አስቀድሞ የሄሞፊሊያ ሕሙም መገጣጠሚያው ውስጥ ደም በፈሰሰ ቁጥር ወደ ሐኪም ቤት ተወስዶ፣ ብዙ ፕላዝማ እየተንቆረቆረለት ለቀናት ይተኛ ነበር። በ1960ዎቹ አጋማሽ ግን በካሊፎርኒያ፣ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የነበረችው ሊቅ ጁዲት ግራሃም ፑል፣ በቅዝቃዜ የጠጠረ ፕላዝማ ቀስ ብሎ ሲቀልጥ ከሥሩ የሚቀረው ዝቃጭ፣ ለሕሙማኑ የሚጎድላቸውን ፋክተር 8 የተባለ ፕሮቲን አከማችቶ እንደሚይዝ ደረሰችበት። ይህ ክራዮፕሪሲፒቴት ወይም ባጭሩ ክራዮ የተባለው መድኃኒት በማናቸውም የደም ባንክ ሊዘጋጅ የሚችል ሲሆን፣ እያንዳንዱ ከረጢት የሚገኘው ከአንድ ለጋሽ ነበር። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ የመጣው ዱቄት ደግሞ በቤት ማቀዝቀዣ የሚቀመጥ፣ በጉዞ የሚያዝ፣ ሕፃናትን ከትምህርት ቤት የማያስቀር በመሆኑ እንደ ነጻነት ተቆጠረ። ነገር ግን ዱቄቱ የሚሠራው የብዙ ሺህ ሰዎች፣ አንዳንዴም ከ20,000 የሚበልጡ ለጋሾች ፕላዝማ በአንድነት ተቀላቅሎ ነው፤ በአሜሪካም ከለጋሾቹ ብዙዎቹ ደማቸውን ለገንዘብ የሚሸጡ ድኾችና እስረኞች ነበሩ። ከሺህ ቤት የተዋጣ ጠላ በአንድ ጋን ቢገለበጥ የአንዱ ቤት ጠላ መበላሸት ለጋኑ ሁሉ እንደሚተርፍ፣ የአንዱ ለጋሽ ደዌም ለብልቃጡ ሁሉ ተረፈ።

በሐምሌ 1982 የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል፣ ሦስት የሄሞፊሊያ ሕሙማን በሽታ የመከላከል አቅሙ በደከመ ሰው ላይ ብቻ በሚታይ የሳንባ ምች መያዛቸውን አስታወቀ። በጥር 1983 ደግሞ በአንዱ ታላቅ የሕክምና መጽሔት፣ በአንድ ቀን፣ ከክሊቭላንድና ከሚልዋኪ የመጡ ሁለት ጥናቶች ታተሙ። ዱቄቱን በሚወስዱት ሕሙማን ዘንድ ሌሎቹን ሕዋሳት የሚያነቁት ረዳት ነጭ ሕዋሳት ከገቺዎቹ አንጻር አንሰው ተገኙ፤ ክራዮ በሚወስዱት ዘንድ ግን ይህ መዛባት በዚያ መጠን አልታየም። በዚያው እትም ሐኪሟ ጄን ዴስፎርጅስ ወደ ክራዮ መመለስ ሊታሰብበት እንደሚገባ ጻፈች። የኤድስ ቫይረስ ገና አልታወቀም፤ ምልክቱ ግን ታውቋል።

ታዲያ ምልክቱ ለምን ችላ ተባለ? ብዙ ሊቃውንት የሕዋሳቱን መዛባት ያመጣው፣ በየሳምንቱ ወደ ደም የሚገባው የባዕድ ፕሮቲን ብዛት ነው ይሉ ነበር። ይህም ከእውነት የራቀ አልነበረም፤ ዱቄቱ የነጭ ሕዋሳትን ሥራ እንደሚያደክም በቤተ ሙከራ ታይቷል፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያም ቫይረሱ ካለባቸው ሕሙማን መካከል እጅግ የተጣራውን ፋክተር የወሰዱት፣ ረዳት ሕዋሳታቸው ቀስ ብሎ እንደ ቀነሰ አንዳንድ ጥናቶች አመልክተዋል። በኤዲንበራም በስኮትላንድ ደም ብቻ የታከሙ ሰዎች፣ ኤድስ ባልደረሰበት ጊዜ፣ ሕዋሳታቸው ተዛብቶ ስለ ተገኘ ይህ አሳብ ይበልጥ ጸና። ሆኖም በ1984 ከዚያው ከአገሬው ደም በተሠራ መድኃኒት እነዚያው ሕሙማን በቫይረሱ ተያዙ። በከፊል እውነት የሆነው ምክንያት ለሐኪሙ መጽናኛ ሲሆን፣ ለሕሙሙ ወጥመድ ሆነበት።

«ነጭ ሕዋሶቼን እየቆጠሩ ይጽፉ ነበር» አለኝ ያ ሰው። «መዝገቡ ስለ እኔ ከእኔ ቀድሞ ያውቅ ነበር። ቫይረሱ እንዳለብኝ የሰማሁት ደሜ ከተመረመረ ከዓመት በኋላ፣ ለጥርስ በሄድሁበት ቀን፣ ነርሷ ሁለት ጓንት ደርባ ስትመጣ ለምን ብዬ ጠይቄ ነው። እናቴ እስክትሞት ድረስ መርፌ ያስተማረችኝ እጇን ትረግም ነበር።» እኔም ስሙን የማልጠቅሰውን አንድ የጤና ሹም፣ የጥር 1983ቱ ማስጠንቀቂያ ለሕሙማኑ ያልተነገረው በማን ውሳኔ እንደ ሆነ ጠየቅሁት። ጉዳዩ በአጣሪ ጉባኤ እጅ ያለፈ ነው አለኝ፤ ጥያቄውን ብደግምለት ስልኩን ዘጋው።

ከዚያ ወዲያ የሆነው ይታወቃል። በአሜሪካ ከ16,000 የሄሞፊሊያ ሕሙማን ከግማሽ የሚበልጡት፣ በብሪታንያም 1,250 ያህል፣ ከእነዚህም 380 ያህሉ ልጆች፣ ኤች አይ ቪ ገባባቸው። በፈረንሳይ የደም ድርጅቱ ኃላፊ ታሰረ፤ በጃፓን የጤና ሚኒስትሩ በ1996 ይቅርታ ለመነ። በብሪታንያ ግን በዳኛ ብራያን ላንግስታፍ የተመራው ምርመራ፣ ጥፋቱ ድንገተኛ አደጋ አለመሆኑንና እውነቱም መሸሸጉን የመሰከረው በግንቦት 2024 ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ።

ዛሬ ከ1992 ጀምሮ ከሰው ደም የማይወጣ ፋክተር አለ፤ ከ2017 ወዲህም ከቆዳ በታች የሚወጋ ኤሚሲዙማብ የሚባል መድኃኒት መጥቷል። የመከላከል አቅሙ ጥያቄ ግን መልኩን ለውጦ ዘልቋል፦ በጽኑ ከታመሙት ከሦስት አንድ በሚጠጉት ላይ አካላቸው ፋክተር 8ን እንደ ባዕድ ቆጥሮ ፀረ እንግዳ አካል ያመነጭበታል፤ መድኃኒቱም ከንቱ ይሆናል። በ2016 የታተመ ጥናት በአዲሱ ፋክተር ከታከሙት ሕፃናት 44.5 በመቶው፣ ከሰው ደም በተገኘው ከታከሙት ደግሞ 26.8 በመቶው ይህ እንደ ደረሰባቸው አሳየ። እነሆ ዛሬም እንደዚያን ጊዜው ሁሉ ሁለት መድኃኒት፣ ሁለት ስጋትና ያላለቀ ክርክር ከፊታችን አለ። ስለዚህ የመጀመሪያው መርፌ ለልጁ ሳይሰጥ፣ ወላጅ የሁለቱን ወገን ስጋት በቍጥር ይሰማ ዘንድ መብት አለው፤ «ገና አልተረጋገጠም» የሚል ሐኪምም፣ ያልተረጋገጠው ምን እንደ ሆነ የመናገር ዕዳ አለበት።